ሥጋ የሌለው የጠዋት ታኮ፦ ቶሎ የሚደርስና የማይሰነጠቅ እንዴት ነው የሚሠራው?

የሁለት ልጆች እናት (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ስለ ልጆች ቁርስ ነው።

ያለነው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። ልጆቼ እዚሁ ነው የተወለዱት። ገንፎና ጨጨብሳ ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ይበላሉ፤ በትምህርት ቀን ግን ሞተን እንገኛለን ይላሉ። ትልቋ አሥራ አራት ሆኗታል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሥጋ የሚባል ነገር አቁማለች። ትንሹ ደግሞ እህቱ ያልበላችውን አይበላም። ሁለቱ የሚስማሙበት ቁርስ አንድ ብቻ ነው፤ ያ በየነዳጅ ማደያውና በየታኮ ቤቱ በፎይል ተጠቅልሎ የሚሸጠው የጠዋት ታኮ። በየቀኑ እንዳልገዛላቸው ኪሴ አይችልም።

እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ቤት የምገባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አንድ ተኩል ላይ በራችን ላይ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ምድጃው ጋ እቆማለሁ ብላችሁ ይቀላል።

የቸገረኝን ልንገራችሁ። ታኮው የሚጠቀለልበት ቶርቲያ የሚሉት ስስ ቂጣ አለ፤ የበቆሎውን ስጠቀልለው ይሰነጠቃል። የስንዴውን ስጠቀም ደግሞ እንቁላሉ ውሃ ይለቅና ትምህርት ቤት እስኪደርሱ ይርሳል። ድንቹ እስኪበስል ልጠብቅ ካልኩ አውቶቡሱ ይሄዳል።

ሌላው፣ ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ ነኝ። እንቁላልና ቺዝ የሌለበት ዓይነት ካለ ለልጄም ይሆናታል፤ እኔም ተኝቼ ከሰዓት በኋላ ስነሣ እበላዋለሁ። በመጨረሻ፣ ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋት አንዲት እህት "የቆርቆሮው ቦሎቄ የአሳማ ስብ አለበት" ብላ አስደነገጠችኝ። እውነት ነው እንዴ?

የምታውቁ እባካችሁ።

የኦስቲኗ ወጥ ቤት

እህቴ፣ ይሄማ እንጀራዬን የምበላበት ሙያ ነው። ኦስቲን ውስጥ ታኮ ቤት ነው የምሠራው፤ ዓመታት ሆኖኛል። በራችን የሚከፈተው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እኛ ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ምድጃ ላይ ነን። ጠዋት ጠዋት ቶሎ የሚያልቅብን ደግሞ ሥጋው እንዳይመስልሽ። ድንች በእንቁላልና ቦሎቄ በቺዝ ናቸው።

ሰው አዝዞ ታኮው እጁ እስኪገባ ሦስት ደቂቃ አይፈጅብንም። እጃችን ስለፈጠነ አይምሰልሽ፤ ከእንቁላሉ በቀር ጠዋት የሚበስል ነገር ስለሌለን ነው። ድንቹ ተቀቅሏል። ቦሎቄው ተደፍጥጧል። ሳልሳው፣ ማባያው የቃሪያ ድልህ፣ ተፈጭቶ ፍሪጅ ውስጥ ነው። አንቺም እንደዚያው አድርጊው። ወደ ሥራ ከመውጣትሽ በፊት ማታ ትንሽ ከሠራሽ፣ ጠዋት የሚቀርሽ ድንቹን ጠበስ ማድረግ፣ እንቁላል መምታትና ቶርቲያ ማሞቅ ብቻ ነው።

ከድንቹ ልጀምር። ማታ ከነልጣጩ ቀቅይው። ቢላ ሲገባለት አውጪው፤ እንዲፈርስ አትጠብቂ። ሳትቆርጪው ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ያደረ ቀዝቃዛ ድንች ሲከተፍ አይንኮታኮትም፤ ሲጠበስም ትኩስ ከተቀቀለው የተሻለ ቅርፊት ይይዛል። ጠዋት አንድ ሳንቲ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ክተፊው። ዘይቱ በደንብ ሲግል ድንቹን ዘርጊበትና እጅሽን ሰብስቢ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥት የለውም፤ ገና ከመጨመሩ ማማሰል ይጀምራል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ተይው። ከሥር ወርቃማ ሲሆን ገልብጪው። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ካሻሽ ከሙን ቆንጠር። አለቀ።

አሁን ቶርቲያው። የሚሰነጠቅብሽ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ቀጥታ የሚታጠፍ የበቆሎ ቶርቲያ፣ ውዱም ርካሹም፣ ይሰነጠቃል። ደረቅ መጥበሻ አግዪና ያለ ዘይት ግራና ቀኙን ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ አሙቂው። የደረቀ ከሆነ እጅሽን ውሃ ነክረሽ ፊቱን ዳሰስ አድርጊው። ከመጥበሻው ስታወጪው ደግሞ ሳህን ላይ ክፍት አትተይው። ፎጣ ውስጥ ደራርበሽ ሸፍኚው። በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። እኔ ቤቴ ትንሿን መሶብ ነው የማቀርበው፤ ፎጣ አነጥፍባትና ክዳኗን እገጥማለሁ። ሥራ ቦታ ያሉት ሜክሲኳውያን ፎቶዋን አይተው ከየት ነው የሚገዛው እያሉ አስቸግረውኛል።

ያ ብዙዎቻችን እንጀራ የምንጋግርበት ክቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለሽ ደግሞ ተገላገልሽ። እዚህ አገር ያሉ የኖርዌይ ዘሮች ሌፍሳ የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ዕቃ ነው፤ እኛ ለእንጀራ ወሰድነው። አራት ቶርቲያ አንዴ ይዘረጋበታል። ልጆቹ ተነሥተው ከሆነ ትልቋ ምጣዱ ላይ ትቁም፤ በአሥራ አራት ዓመት ቶርቲያ መገልበጥ አያቅትም።

እንዲያም ሆኖ ለአውቶቡስ የስንዴውን ነው የምመክርሽ። የበቆሎው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለሚበላ ሰው ነው። ከተጠቀለለ በኋላ ሩብ ሰዓት ቆይቶ የሚበላ ከሆነ ስንዴው ይችላል፣ በቆሎው አይችልም። በቆሎ ካልሆነ አልበላም ካለችሽ ሁለቱን ደርቢላት።

እንቁላሉ ውሃ የሚለቀው እሳት ሲበዛበት ነው። በደንብ ምቺው፣ እሳቱን መካከለኛ አድርጊ፣ ገና ርጥብ እያለ ከእሳቱ አውርጂው። የመጥበሻው ሙቀት ራሱ ይጨርስልሻል። ፎይል ውስጥ ከገባ በኋላም እኮ መብሰሉን አያቆምም። ቲማቲም ደግሞ ከእንቁላሉ ጋር አብረሽ አትጥበሺ፤ ዋናው ውሃ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ስትደረድሪ ቺዙን ከሥር አድርጊ። ትኩስ ቶርቲያ፣ ቺዝ፣ ድንች፣ ከላይ እንቁላል። ቺዙ ይቀልጥና ቶርቲያው እንዳይርስ ይከላከልልሻል። ሳልሳው ለብቻው በትንሽ ዕቃ ይሂድ። ፎይሉንም ወዲያው አትጠቅልዪ፤ እንፋሎቱ ትንሽ ይውጣለት።

ሳልሳ ካልን፣ ኦስቲን ውስጥ ሰው የሚሞትለት አረንጓዴ ሳልሳ አለ። ስድስት ሰባት ሃላፔኞ የሚባለውን አረንጓዴ ቃሪያና ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ደረቅ መጥበሻ ላይ ጠቆር ጠቆር እስኪሉ አገላብጪ። ነጭ ሽንኩርቱን ልጠሽ ሁሉንም ብሌንደር ውስጥ ጨምሪ፤ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አክይበት። እየተፈጨ እያለ ሩብ ኩባያ ያህል ዘይት በቀጭኑ አፍስሺበት። ነጣ ይልና እንደ ክሬም ይወፍራል። የበላ ሁሉ አቮካዶ አለበት፣ ክሬም አለበት ብሎ ይሟገትሻል። ቃሪያና ዘይት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለጾምሽም ይሆናል። ለትንሹ የቃሪያውን ፍሬና ነጩን ሥር አውጪለት። ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ስላለበት ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከሦስት አራት ቀን በላይም አታቆዪው።

ወደ አሳማው ስብ ስመጣ፣ ያቺ እህት እውነቷን ነው። ሁሉም ቆርቆሮ ላይ ግን አይደለም። ተደፍጥጦ የተጠበሰው ቦሎቄ፣ ቆርቆሮው ላይ "ትራዲሽናል" ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ላርድ፣ ማለት የአሳማ ስብ፣ አለበት። "ቬጀቴሪያን" የሚለው በአትክልት ዘይት የተሠራ ነው። ሁለቱ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ቆርቆሮአቸውም ይመሳሰላል። የስንዴ ቶርቲያም እንደዚያው ነው። በሜክሲኮ ገበያ ትኩስ የሚሸጠው ቶርቲያ ብዙ ጊዜ ስብ አለው። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። "ላርድ" ወይም በስፓኒሽ "ማንቴካ" ካለ ተይው፤ "ማንቴካ ቬጌታል" ካለ የአትክልት ነው፣ ችግር የለውም። ውጭ ስትበሉ ደግሞ ሩዙንም ጠይቂ፤ ብዙ ቤት በዶሮ መረቅ ነው የሚያበስለው። ሥጋ ያልታየበት ሁሉ ሥጋ የለበትም ማለት አይደለም። ልጅሽ ይሄን ማወቅ አለባት።

ለጾም ቀን፦ የተጠበሰ ድንች፣ ቦሎቄ፣ አቮካዶ፣ ያ አረንጓዴ ሳልሳ። ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም። እንጉዳይ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሰሽ ብትጨምሪበትም ይሆናል፤ ግን እንጉዳዩን ውሃው እስኪመጥ ለብቻው ጥበሺው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሥራ ባልደረቦቼ ካቶሊኮች ናቸው። በእነሱ ሁዳዴ ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ እንቁላልና ቺዝ ግን ይበላሉ። ያን ሰሞን እኛ ቤት ቁልቋል በእንቁላል ይነግሣል። አዎ፣ ቁልቋል! የበለሱ ተክል ቅጠል። እሾኹ ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ከሽንኩርት ጋር ይቀቀላል፣ የሚዝለገለገው እስኪለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። በጠርሙስ ተዘጋጅቶም ይሸጣል። መቀሌ ያደገችው ጓደኛዬ "ይሄንን እኛ ለከብት ነው የምንሰጠው" ብላ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ሁለት ታኮ በላች።

ሹፌሩ (ሳን አንቶኒዮ)

እህቴ፣ የኦስቲኗ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ሳልቃወም አላልፍም። ኦስቲን ስለ ጠዋት ታኮ ሲያወራ የሳን አንቶኒዮ ሰው ዝም አይልም።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆች 2016 አንድ ጋዜጠኛ የጠዋት ታኮን ለኦስቲን የሚሰጥ ጽሑፍ አወጣ። የእኛ ከተማ ሰው ግልብጥ ብሎ ተነሣ። ጸሐፊው ከቴክሳስ ይባረርልን የሚል የፊርማ ማሰባሰቢያ ሁሉ ወጣ። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ከተሞች ከንቲባዎች በዚያው ዓመት ማርች 10 ቀን ተገናኝተው በቀልድ መልክ የሰላም ውል ተፈራረሙ። ስሙም ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ተሰየመ፤ የአይ-35 ስምምነት ተባለ። እኔ በዚያ መንገድ በየሳምንቱ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ሁለቱንም ቦታ እበላለሁ፤ የማን ይበልጣል ብትሉኝ የሚከፍለኝ የሳን አንቶኒዮ ድርጅት ነው። እውነቱን ከተነጋገርን ግን ሁለቱም የወሰዱት ከደቡብ ቴክሳስና ከሰሜን ሜክሲኮ እናቶች ጓዳ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ ድንች ለምን ትለፊያለሽ? ቦሎቄና ቺዝ ይበቃል። ሁለት ነገር፣ አንድ ቶርቲያ። ቦሎቄውን ደግሞ ከቆርቆሮ አትግዢ፤ የላርዱ ጭንቀት አብሮ ይቀርልሻል። አንቺ የሌሊት ፈረቃ ነሽ፤ ስሎው ኩከር፣ ያ በዝግታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት፣ ደግሞ ለሌሊት ፈረቃ ሰው የተሠራ ዕቃ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ግማሽ ኪሎ ያህል ፒንቶ ቦሎቄ ጠዋት እዘፈዝፋለሁ። ማታ ውሃውን ደፍቼ በአዲስ ውሃ አሥር ደቂቃ በደንብ አንተከትከዋለሁ፤ ይሄን አትዝለይው፣ ቦሎቄ መጀመሪያ በኃይል መፍላት አለበት። ከዚያ ስሎው ኩከሩ ውስጥ ከግማሽ ሽንኩርትና ከሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጋር፣ በዝቅተኛው እሳት። ጠዋት ስትገቢ ቤቱ ይሸታል።

መደፍጠጡ አምስት ደቂቃ ነው። መጥበሻ ላይ ሽንኩርት በዘይት ቡናማ አድርጊ፣ ቦሎቄውን በጭልፋ ጨምሪ፣ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቂው፣ የተቀቀለበትን ውሃ እያከልሽ አላሊው። ጨው በመጨረሻ። ትንሽ ቀጠን አድርገሽ አውርጂው፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ የተረፈው ፍሪዘር ይግባ።

ለጾም ከሆነ ቺዙን ተይና ሚጥሚጣ ነስንሺበት። ለጭነት መኪና ጓደኞቼ አቅምሻቸው አሁን ጠርሙስ ሙሉ ሚጥሚጣ አምጣ ይሉኛል።

ዲሲ ነኝ

ኧረ እናንተ ሰዎች! ፍርፍር እያለ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እንጀራ አለ፣ ቁሌት አለ፣ አምስት ደቂቃ። ልጆቹን አጉል አታቀማጥሏቸው።

የኦስቲኗ ወጥ ቤት

ወንድሜ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ቤትህ አለች? ካለች እንነጋገራለን።

ግን ጥሩ ነገር አስታወስከኝ። ሚጋስ የሚባለውን ሳልነግራት ቀርቻለሁ። የደረቀ ቶርቲያ ቤት ውስጥ ሲተርፍ የሚሠራ ነው፤ አስተሳሰቡ ከፍርፍር ጋር አንድ ነው። የተረፈው የበቆሎ ቶርቲያ በቀጭኑ ይቆረጥና ዘይት ውስጥ ቆርቆር እስኪል ይጠበሳል። ሽንኩርትና ቃሪያ ይከተላል፤ ቀጥሎ ትንሽ ቲማቲም፣ ግን ፍሬውና ውሃው ወጥቶለት። የተመታ እንቁላል ይፈስበታል፤ ልክ ሲረጋ ቺዝ ይበተንበትና ይወርዳል። የቶርቲያው ግማሹ ለስልሶ ግማሹ እንደተንኮሻኮሸ መቅረት አለበት። ሁሉም ከለሰለሰ ቆይቷል ማለት ነው። ይሄንኑ በስንዴ ቶርቲያ ጠቅልለው ይሸጡታል። ቶርቲያ በቶርቲያ! መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ፤ አሁን ለራሴ ቁርስ የምሠራው እሱን ነው።

ሳን አንቶኒዮ ላለው ወንድማችን፦ ቦሎቄህን ተቀብያለሁ። ከንቲባዎቹ ታርቀዋል፣ እኛም እንታረቅ።

ሰሚት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። እዚህ ቶርቲያ ትልልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ዋጋውን ግን አታንሡት። ላጤ ነኝ፤ ቁርሴ እንቁላል ፍርፍርና ዳቦ ሆኖ ሰልችቶኛል። ከወፍጮ ቤት የበቆሎ ዱቄት ገዝቼ በዩቲዩብ እያየሁ ቶርቲያ ልሠራ ብል ሊጡ አይያያዝም። ስዳምጠው ዳርዳሩ ይፈረካከሳል፤ ሳነሣው ይበጣጠሳል። ውሃ ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ያው ነው። ምን ጎድሎት ነው?

የኦስቲኗ ወጥ ቤት

ወንድሜ፣ ችግሩ እጅህ ላይ የለም። ዱቄቱ ነው። የሜክሲኮ የቶርቲያ ዱቄት ተራ የበቆሎ ዱቄት አይደለም። በቆሎው ከመፈጨቱ በፊት በኖራ ውሃ ይቀቀላል፣ እዚያው ውስጥ ያድራል፣ ገለባው እስኪለቅ ይታጠባል። ከዚያ ነው የሚፈጨው። ኖራው የበቆሎውን የሕዋስ ግድግዳ ይፈታዋል፤ ሊጡ የሚያያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ልዩ ሽታውም ከዚያው ነው የሚመጣው። ሌላም ጥቅም አለው። በበቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን ታስሮ ነው የሚቀመጠው፤ ኖራው ይፈታዋል። በቆሎው ከሜክሲኮ ወጥቶ ወደ አውሮፓና እዚሁ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ሲሄድ ይሄ ዘዴ አብሮት አልሄደም። በቆሎ ብቻ የሚበላ ድሃ ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቀ። ሜክሲኮ ውስጥ ግን ሰው በቆሎን ለሺህ ዓመታት እየበላ ደህና ነበር።

ዲያስፖራ ዘመድ ካለህ ማሴካ የሚባለውን በኖራ የተዘጋጀ ዱቄት ሻንጣ ውስጥ ያምጣልህ። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ተኩል ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ ጨው ቆንጠር። ሩብ ሰዓት ይረፍ። ጨመቅ ስታደርገው ዳሩ ከተሰነጠቀ ውሃ ጨምር። እጅህ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት ጨምር። በሁለት ፕላስቲክ መካከል አድርገህ በድስት ቂጥ ተጫነው። ማሽን አያስፈልግህም።

ራሴ በቆሎውን ልቀቅል ካልክ ለምግብ የተዘጋጀ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው የሚያስፈልግህ። የግንብ ኖራ እንዳትነካ፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

እኔን ብትሰማኝ ግን የስንዴውን ሥራ። ቀላል ነው፣ ዕቃውም ሁሉ እጅህ ላይ አለ። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ዱቄቱን በዘይቱ በደንብ እሸው። ከዚያ ሦስት ሩብ ኩባያ ሞቅ ያለ ውሃ ቀስ እያልክ ጨምር። አምስት ደቂቃ አሸው። ስምንት ቦታ ድቡልቡል አድርገህ ጨርቅ አልብሰውና ግማሽ ሰዓት ተወው። ካላረፈ ስትዳምጠው እየተኮማተረ ይመለስብሃል። ስስ አድርገህ ዳምጠው፤ ወረቀት መሰለኝ ስትል ልክ ደረሰ። መጥበሻው በጣም መጋል አለበት። ሲነፋፋ ገልብጥ፤ በያንዳንዱ ጎን ከአርባ ሰከንድ አይለፍ። ቆይቶ ከጠነከረ ቂጣ ሆነ ማለት ነው፤ እሱንም በሻይ ብላው።

ላጤ ከሆንክ ደግሞ ፉል ውስጡ ሞክር። ከሰፈርህ ፉል ቤት ወፈር ያለውን አስገዛ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ከላይ፣ ዘይት ጠብ። የሜክሲኮ ሰው ታኮ ነው አይልህ ይሆናል። ቁርስ ግን ነው።

ሰሚት (አዲስ አበባ)

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። የፉሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር። የስንዴውን ዛሬውኑ ሠራሁት። ክብ መሆኑ ቀርቶ የኢትዮጵያን ካርታ መስሏል፤ ታጥፏል ግን፣ አልተሰነጠቀም።

የሁለት ልጆች እናት (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንቹን ማታ ቀቅዬ አሳደርኩት፤ ጠዋት ምድጃው ላይ ደቂቃ ነው የፈጀው። ትልቋ ቶርቲያውን እሷ ካልገለበጠች ሰው አታስጠጋም። ሳልሳውን ግን አቃጠለን አሉ፤ ፍሬውን አውጥቼም ያው ነው። ለእኔ ግን ልክ ነው።

ዓርብ ዕለት ድንች፣ ቦሎቄና አቮካዶውን በላሁ። ያ ቅሬታዬ ሁሉ ለካ ከቶርቲያው ነበር።

ሱቅ ሄጄ ቆርቆሮዎቹን አገላብጬ አየሁ። አንዱ ላይ ላርድ የሚለው በደቃቃ ፊደል ተጽፏል፤ ጓዳዬ ውስጥ ከርሞ የኖረውም ያው ሆኖ ተገኘ። ለጎረቤቴ ሰጠሁት።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። እሑድ ቀን እረፍት አለኝ። ለሳምንቱ በሙሉ ሠርቼ ፍሪዘር ውስጥ ባስቀምጠውስ ይሆናል?

ሹፌሩ (ሳን አንቶኒዮ)

ይሆናል። እኔ በፍሪዘር ነው የምኖረው። ቦሎቄና ቺዙ ምንም አይለውም። ድንችና እንቁላሉም ይቻላል፤ እንቁላሉን ገና ርጥብ እያለ አውርጂው፣ በመጥበሻው ሙቀት እስኪረጋ ጠብቂና ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዢው። ትኩሱን ከጠቀለልሽ ውስጡ በረዶ ይሠራና ሲፈታ ያርሰዋል። አቮካዶ፣ ቲማቲምና ሳልሳ ያለበትን አታስገቢ። አንድ በአንድ በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ጠቅልለሽ በዚፕ ከረጢት ክተቺው፤ ላዩ ላይ ቀኑን ጻፊበት።

የኦስቲኗ ወጥ ቤት

እሱ ያለው ልክ ነው። ማሞቂያውን ልጨምር። ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርጂው። ጠዋት በርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት ጠቅልለሽ ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል፤ መሐሉ በደንብ መሞቁን እዪ። ፎይል ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳይገባ ለልጆቹ ንገሪያቸው። ከዚያ ደረቅ መጥበሻ ላይ ግራና ቀኙን አንዴ አገላብጪው፤ ቅርፊቱ ይመለሳል።

ለሳልሳው ደግሞ ከሃላፔኞው ግማሹን በአረንጓዴ ፈረንጅ ቃሪያ ተኪው፤ ያ ትልቁ፣ የማያቃጥለው። ቀለሙ ያው ነው፣ ልጆቹ አያውቁብሽም። ያንቺን ለብቻ በሌላ ዕቃ አስቀምጪ።